ቴሉሪየምና አዮዲን፦ ለአንድ ተማሪዬ የዘገየ መልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ስሙን አልጠራም፤ የዚያ ዘመን ልጆች ግን ወዲያው ታውቁታላችሁ። «ቲቸር፣ ያን ጊዜ የጠየቅኩዎትን እኮ እስካሁን አልመለሱልኝም» ይላል። የሚስቅ ፊት አስከትሎበታል። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ዕዳ ነዋ! እሱ ረስቶታል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ እኔስ አልረሳሁትም።

ላላወቃችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። ከወልዲያ ተነስታችሁ ወደ ደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ መርሳን ታገኛላችሁ። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ብርቱካንና ፓፓያ በመኪና መስኮት የገዛችሁ ሁሉ ታውቋታላችሁ። በዚያ አካባቢ ካሉ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። በሩ ላይ «ቤተ ሙከራ» የሚል የተጻፈበት ክፍል ነበረን፤ ውስጡ የሚኖረው ግን የተሰበረ ዴስክ ነበር። ፔሪዮዲክ ቴብልም ከመጽሐፉ ውስጥ ካለችው ትንሽ ገጽ በቀር አልነበረንም፤ መጽሐፉ ደግሞ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። ስለዚህ በክፍሎቹ የውጭ ግድግዳ ላይ በዘይት ቀለም እንሣለው ተባባልን።

ጽሑፉ የሚያምር አንድ ልጅ ነበር፤ ሥራው ለሱ ተሰጠ። ሦስት ቅዳሜ ፈጀበት። ሲጨርስ ሄጄ ጣቴን እያስኬድኩ ቆጠርኩ። ሃምሳ አንድ አንቲሞኒ፣ ደህና። ሃምሳ ሁለት ላይ ስደርስ አዮዲን! ቴሉሪየም ሃምሳ ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ገብቷል።

«ምነው አቀያየርካቸው?» አልኩት።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው። ክብደታቸውን ይዩት። ቴሉሪየም 127.6 ነው፣ አዮዲን 126.9። ከቀላል ወደ ከባድ ነው የሚደረደሩት ብለውን የለ? እኔ አስተካከልኩት እንጂ አላበላሸሁትም።»

እውነቱን ልናገር። መልሱን አላውቀውም ነበር። ዲግሪ ይዤ፣ አራት ዓመት አስተምሬ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አይቻቸው አላውቅም። ከዚያም ብዙ አስተማሪ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቆጣ አልኩና «መጽሐፉ እንዳለው አድርገው» አልኩት። ልጁም ምንም ሳይል ነጭ ቀለም ደርቦ መልሶ ጻፈው። ፀሐይ በጎን ሲያርፍበት የድሮው ፊደል ከሥር ይታይ ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ያ ጊዜ የፕላዝማ ዘመን ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ትዝ ይላችኋል? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት፣ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ እንደ ጥይት እየተኮሰ፣ እኛ ዳር ቆመን። ጥያቄ ሲመጣ «አንዴ ቁም» አይባል፣ አይመለስ። (ፕላዝማ ራሱ ኬሚስትሪ መሆኑን ግን ነግሬያችኋለሁ መሰለኝ፦ ጋዝ በጣም ሲግል ወይም ብርቱ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከአተሞቹ ኤሌክትሮን እየተላቀቀ የሚሆነው ነገር ነው። በዚያ ስም የሚጠራው ቴሌቪዥን ላይ ይኸን የሚያስረዳ ሰው አላየሁም።) ጥፋቱን በፕላዝማ ማላከክ አልፈልግም። ጥፋቱ የኔ ነው። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

እንግዲህ መልሱ። ከሩቅ ነው የሚጀምረው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1834 እ.ኤ.አ. ሳይቤሪያ ውስጥ ቶቦልስክ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከብዙ ልጆች የመጨረሻው ነው። አባቱ አስተማሪ ነበር፤ ዓይኑ ጠፋና ሥራውን አጣ። እናቱ ማሪያ የብርጭቆ ፋብሪካ እያስተዳደረች ቤቱን ያዘች። አባትየው ሞተ፣ ፋብሪካው ተቃጠለ። ያቺ ሴት ልጇን ይዛ ሳይቤሪያን አቋርጣ ሞስኮ ወሰደችው፤ አልተቀበሉትም። ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደችው፤ ገባ። እሷም ብዙም ሳትቆይ በ1850 ሞተች። ስለ ሰንጠረዡ ባወራሁ ቁጥር ከሱ ይልቅ እሷ ናት የምትታየኝ። ልጆቻቸውን ለማስተማር ከገጠር ወልዲያ ይዘው መጥተው ክፍል የሚከራዩ እናቶችን ስለማውቅ ይሆናል።

ሜንዴሌቭ ሰንጠረዡን ያወጣው በማርች 1869 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1861 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ ይውላል። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ካረፉ ዓመት አልሞላም፤ ዙፋኑ በዋግሹም ጎበዜ፣ በአፄ ተክለ ጊዮርጊስ እጅ ነበር። በዚያ ጊዜ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ብቻ ነበሩ። ሜንዴሌቭ በአተማቸው ክብደት ደረደራቸውና ፀባያቸው በየተወሰነ ርቀት ተመልሶ እንደሚመጣ አየ። ሌሎችም ወደዚህ ሐሳብ ተጠግተው ነበር። የሱ ድፍረት ግን ባዶ ቦታ መተዉ ነው፤ «እዚህ ጋ ገና ያልተገኘ አለ» አለ፣ ክብደቱንና ፀባዩንም ቀድሞ ተናገረ። ጋሊየም በ1875፣ ስካንዲየም በ1879፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙ። የተናገረው ደረሰ።

ሁለተኛው ድፍረቱ ነው የኛን ጉዳይ የሚነካው። ቴሉሪየምና አዮዲን ላይ ሲደርስ ልጁ ያየውን አየ፤ ክብደቱ ተገላቢጦሽ ነው። በክብደት ካስኬደው አዮዲን ከሰልፈርና ከሴሊኒየም ሥር፣ ቴሉሪየም ከክሎሪንና ከብሮሚን ሥር ሊውል ነው። አዮዲን ደግሞ በፀባዩ የክሎሪን ወንድም ነው፤ ከሶዲየምና ከፖታሲየም ጋር ጨው ይሠራል። ስለዚህ ሜንዴሌቭ ሥርዓቱን ራሱ ጥሶ ቴሉሪየምን አስቀደመ። ምክንያቱንስ ምን አለ? «የቴሉሪየም ክብደት በስህተት ነው የተለካው» አለ። ቦሁስላቭ ብራውነር የሚባል የቼክ ኬሚስት ያንን ስህተት ለማግኘት ቴሉሪየምን ዓመታት ሲመዝን ኖረ። ስህተት አላገኘም። ክብደቱ ትክክል ነበር!

እንግዲህ አስቡት። የእኔ ተማሪ «መጽሐፉ ተሳስቷል» አለ። ሜንዴሌቭ «ሚዛኑ ተሳስቷል» አለ። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ፊት ነው የቆሙት፤ ሁለቱም ምክንያቱን አላገኙትም። ልዩነቱ፣ ሜንዴሌቭን የተቆጣው ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ያገኘው ሄንሪ ሞዝሊ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ነው። ማንቸስተር ውስጥ ከራዘርፎርድ ዘንድ ይሠራ ነበር፤ ራዘርፎርድ አተም መሃሉ ላይ ጥቃቅን፣ ከባድ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ኒውክለስ እንዳለው ያሳየው በ1911 ነው። ሞዝሊ በ1913ና በ1914 በየንጥረ ነገሩ ላይ ኤሌክትሮን እየተኮሰ የሚወጣውን ኤክስ ሬይ ለካ። የኤክስ ሬዩ ፍሪኩዌንሲ ስኩዌር ሩት ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ቀጣዩ እኩል እኩል ደረጃ እየወጣ ይሄዳል። እንደ ደረጃ መሰላል። ክብደት የሚያወዛውዘው መሰላል አይደለም፤ ቁጥር ነው፤ በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ቻርጅ ቁጥር፣ ዛሬ የፕሮቶን ቁጥር የምንለው። ኮባልትና ኒኬልም እንደ ቴሉሪየምና አዮዲን በክብደት የተገለባበጡ ናቸው። ሞዝሊ እነሱን ሲለካ ኮባልት 27፣ ኒኬል 28 ሆኖ ወጣ። አንቲሞኒ 51 ላይ ሲቆም ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 መሆኑ ተከተለ። (አርጎንና ፖታሲየምም እንዲሁ ናቸው። ልጁ እነዚያን ሁለቱን ጥንዶች አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ግድግዳውን በሙሉ ያፈርሰው ነበር።)

ሞዝሊ ይኸን ከሠራ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። በፈቃዱ ዘመተ። ኦገስት 10 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ላይ ተገደለ። 27 ዓመቱ ነበር።

ታዲያ ቴሉሪየም በቁጥር አንሶ በክብደት እንዴት በለጠ? ይኸን ለመረዳት ኒውትሮን እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት፤ ቻድዊክ በ1932 አገኘው። መርሳ ገበያ ብርቱካን በፍሬ የሚገዛ አለ፣ በኪሎ የሚገዛ አለ። ሃምሳ ሁለት ፍሬ ብርቱካን ከሃምሳ ሦስት ፍሬ በሚዛን ቢበልጥ ማንም አይገርመውም፤ ትልልቁን መርጦ ያዘ ማለት ነው። የአዮዲን አተም በተፈጥሮ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፦ 53 ፕሮቶን፣ 74 ኒውትሮን። ቴሉሪየም ግን ብዙ ዓይነት ነው። ሁሉም 52 ፕሮቶን አላቸው፤ ከነሱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ግን 76 ወይም 78 ኒውትሮን የተሸከሙ ናቸው። አማካይ ክብደቱን ወደ ላይ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው። ኒውትሮን ቻርጅ የለውም፤ ያከብዳል እንጂ ወገን አይቀይርም። ወገንን የሚወስነው ፕሮቶን ነው፤ ምክንያቱም የፕሮቶኑ ቁጥር የኤሌክትሮኑን ቁጥር ይወስናል፣ የውጩ ኤሌክትሮን ደግሞ ፀባዩን። አዮዲን ውጩ ላይ ሰባት አለው፤ አንድ ይጎድለዋል። ክሎሪንም ሰባት። ለዚህ ነው ወንድማማች የሆኑት።

ይኸው። «ከቀላል ወደ ከባድ ነው የሚደረደሩት» ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በፍሬ ነው የሚቆጠሩት፣ በኪሎ አይደለም።

ዕዳዬን እዚህ ላይ ከፍዬ ማቆም እችል ነበር። ግን ይኸ ሳጥን ቁጥር 53 ለኔ ሌላ ታሪክም አለው። መልሱን ፍለጋ ማንበብ ስጀምር እግረ መንገዴን ቤቴ ድረስ ወሰደኝ።

እቴቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከመርሳ በስተምዕራብ ወደ ደጋው ሲወጣ ነበር የምትኖረው። አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት። ትልቅ ነበር፤ ነጠላዋን በሱ ላይ አጣፍታ ነበር የምትሄደው። ዙሪያውን ደግሞ ተነቅሳ ነበር። ለውበት ይመስለኝ ነበር ልጅ ሳለሁ። በኋላ ነው እንቅርቱ እንዲጠፋ ብለው እንደነቀሷት የሰማሁት። በደጋው እንቅርት ያላት ሴት ብርቅ አልነበረችም። በተረታችን ውስጥ እንኳ አለ፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል ማን ቆም ብሎ ያስባል? ተረት እስኪሆን ድረስ የተለመደ በሽታ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ። በ1811 ናፖሊዮን እየተዋጋ ነው፣ ባሩድ ይፈልጋል። በርናር ኩርቷ ለባሩድ የሚሆን ጨው ከባሕር አረም አመድ የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሰልፈሪክ አሲድ አበዛበት። ከአመዱ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ጢስ ተነሳ፤ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ሲያርፍ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቅንጣት ሆነ። አዮዲን ነው። ስሙ ራሱ ከዚያ ቀለም፣ ከግሪክኛ የመጣ ነው። በ1820 ደግሞ ኩዋንዴ የሚባል የጄኔቫ ሐኪም ይኸንኑ ለእንቅርት ሰጠ። በ1890ዎቹ ባውማን የሚባል ጀርመናዊ አዮዲን በታይሮይድ ዕጢ ውስጥ እንዳለ አገኘ። ነገሩ ተገለጠ፦ አንገታችን ላይ ያለችው ዕጢ የምትሠራው ታይሮክሲን የሚባል ሆርሞን በአንዱ ሞሌኪዩል ውስጥ አራት የአዮዲን አተም ይፈልጋል። አዮዲኑ ሲጎድል ዕጢዋ ያለውን ትንሽ ለመልቀም እያበጠች ትሄዳለች። እንቅርት ማለት የምትለፋ ዕጢ ነው።

የሚያስፈልገው ደግሞ ምን ያህል መሰላችሁ? ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮ ግራም። የዕድሜ ልክ ድርሻ ተጠራቅሞ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያቺን ታክል ነው የእቴቴ ማሳ ያጣው። ደጋ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን እያጠበ አዮዲኑን ወደ ባሕር ይወስደዋል፤ ከዚያ አፈር የበቀለው ገብስም ባቄላም የለውም። ስዊዘርላንድም ያው ናት፤ ተራራ፣ እንቅርት። እነሱ ግን በ1922 ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ጀመሩ።

እኛስ ጨው አጥተን ነበር? እንዴት ተብሎ! ከደጋው ቁልቁል ብትመለከቱ የአፋር ምድር ነው። እቴቴ አሞሌ በግመል ሲመጣ አይታለች። አሞሌ እኮ ለዘመናት ገንዘባችን ነበር። እኔም «ከባሕር የደረቀ ጨው ከሆነ አዮዲን አይጠፋውም» ብዬ አስብ ነበር፣ ኬሚስትሪ አስተማሪው። ስህተት ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው አዮዲን የአንድ ሚሊግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ጨው ሲረጋ ደግሞ አብሮ አይረጋም። ወንድሙ ክሎሪን ከሶዲየም ጋር ተያይዞ ነጭ ሆኖ ሲቀር እሱ ከተረፈው ውሃ ጋር ይቀራል። የአዮዲን አተም ትልቅ ነው፤ የክሎሪን ቦታ አይበቃውም። ኤሌክትሮኖቹ በአምስት ድርብ ናቸው፣ የክሎሪን በሦስት። ይኸን ለዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ስንት ዓመት! የእቴቴ አንገት ላይ ያለው ነገር እሱ መሆኑን ግን አላየሁትም።

ከ1990 ዓ.ም. በፊት ብዙው ጨዋችን በአሰብና በምፅዋ በኩል ይመጣ ነበር፤ አዮዲን የገባበትም ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ። ጨው አልጠፋም፤ የአፍዴራ ጨው ተተካ። አዮዲኑ ግን ቀረ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አገር አቀፍ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው፣ እንቅርት በበዛበት አካባቢ ደግሞ ማስወረድና ሞቶ መወለድ እንደሚበዛ አሳየ። ያንን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እቴቴ ሁለት ልጆች ሞተው ተወልደውባታል። በእንቅርቱ ነው ብዬ አልምልም፤ ማንም አልመረመራትም። መንደሩ ግን የሚለው ነበረው፤ ያንን እዚህ አልደግመውም። እሷም አምና ነበር የኖረችው።

በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሆን ጨው በሙሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 89 ደረሰ። አምስት ዓመት! ስለ አገራችን መልካም ነገር ሲነገር ይኸን የሚያነሳ ሰው አይገጥመኝም፤ እኔ ግን አነሳዋለሁ። እቴቴ ግን አልደረሰችበትም።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝን ደግሞ እዚህ ልመልስ። ጨዉ አዮዲን እንዳለው በእንጀራ ወይም በድንች ላይ ነስንሳችሁ ሰማያዊ ካልሆነ የለውም አትበሉ። እዚህ የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው፤ አዮዴት ስታርችን ሰማያዊ አያደርግም። መጀመሪያ አሲድና አዮዳይድ አግኝቶ ወደ አዮዲን መለወጥ አለበት፤ የጤና ሠራተኞች የሚያንጠባጥቡት ጠብታ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አፉ ከተከፈተ ጆንያ፣ ፀሐይ ላይ ከዋለ የሚሸጠውን ተዉት፤ እርጥበትና ሙቀት ያሳንሰዋል። ጨው ማጠብ ይቅር። ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ያደገ እንቅርት ያለበት ሰው ግን በጨው ብቻ አይድንም፤ ሐኪም ይየው።

ግድግዳውን ባለፈው ዓመት አየሁት። ጦርነቱም ዝናቡም አልፎበታል፤ ልስኑ ከታች በኩል ወርዷል፣ ላንታናይዶቹ የሉም። ሃምሳ ሁለትና ሃምሳ ሦስት ግን አሉ። ነጩ ቀለም ተልጦ የልጁ የመጀመሪያ ጽሑፍ ወጥቷል፤ አሁን አዮዲን ነው የሚቀድመው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ቆሞ «ጋሼ፣ ይኸ ተሳስቷል አይደል?» አለኝ። ትምህርት ቤቱ ደወል እስኪደውል ድረስ አብረን ቆምን።

የዚያን ግድግዳ የድሮ ፎቶ ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አንተም ልጅ፣ ከመጣህ ብሩሽህን ይዘህ ና፤ ቀለሙን እኔ እገዛለሁ።